ድንጋይ ይፈሳል ያለው አርተር ሆልምስ

የመንዝና የግሼ ሰው ቤቱን የሚሠራበት ጥቁር ድንጋይ አንድ ጊዜ ቀልጦ ፈሷል። የሰሜኑን ደጋ የሸፈነው ላቫ በብዛት መውጣት የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግን ራቤልን ይሄን ያህል ከፍ አድርጎ የያዛት ምንድነው? የመልሱን መንገድ ከጀመሩት አንዱ አርተር ሆልምስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890 ተወለደ። ገና በ21 ዓመቱ በድንጋይ ውስጥ ያለውን ዩራኒየምና እርሳስ ለክቶ ዕድሜውን አሰላ፤ አንዱ 370 ሚሊዮን ዓመት ወጣው። በዛው ዓመት ማዕድን ፍለጋ ሞዛምቢክ ሄዶ ወባ ክፉኛ ጣለው። ሞተ ተብሎ አገሩ ድረስ ቴሌግራም ተላከ! ከዛ በርማ ሄደ። የቀጠረው የነዳጅ ኩባንያ ከሰረ፣ ትንሽ ልጁም እዛው በተቅማጥ ሞተበት። እንግሊዝ ተመልሶም ሥራ አጣ። ደርሃም ዩኒቨርሲቲ የቀጠረው በ1924 ነው።

ያኔ ቬግነር የሚባል ጀርመናዊ አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ ብሎ ብዙዎች እየሳቁበት ነበር። ምን ይገፋቸዋል ሲባል አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። ሆልምስ በ1920ዎቹ መጨረሻ መልስ ይዞ መጣ፦ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ዐለት በራዲዮአክቲቭ ሙቀት ይፈሳል። ላቫ ነው እንዳትሉ፣ ጠጣር ነው። ግን በሚሊዮን ዓመታት ሲታይ እንደ ሽሮ ድስት ነው፤ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይሰምጣል፣ ላዩ ላይ ያለውን አህጉርም ይዞት ይሄዳል። በቂ ማስረጃ እንደሌለው ራሱ አልደበቀም። ብዙዎቹ አልሰሙትም። እሱ ግን በ1944 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሐሳቡን በሥዕል ጭምር አስገባው። በ1965 ሞተ፤ ሳይንሱ የአህጉሮችን መንቀሳቀስ በሰፊው የተቀበለው ከዛ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

በ1970ዎቹ ፍሰቱን በኮምፒውተር ማስላት ተጀመረ። የምድርን ውስጥ በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፍሉና ለእያንዳንዱ ሙቀቱን፣ ክብደቱንና ምን ያህል እንደወፈረ ይሞላሉ። የትኛው እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚሰምጥ ኮምፒውተሩ ያሰላል። ለእኛ አካባቢ የወጣው ውጤት፦ ከጥልቅ የሚወጣ ሞቃት ዐለት ደጋውን ከሥር ደግፎ ይዞታል። ስምጥ ሸለቆውም በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሰፋ ያግዛል። ከግሼ ደጋ ወደ ምሥራቅ ወርዳችሁ የምታገኟት ማጀቴ በግንቦት 1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችው የዚሁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ሆና ነው። ሞዴሉ ግን የሚያወራው በሚሊዮን ዓመት ነው፤ ቀንና ሰዓት ቆርጦ መንቀጥቀጥ የሚተነብይ ፖስት ካያችሁ ከዚህ ስሌት የመጣ አይደለም።