ሳይፈጸም የቆየው ቅዳሴ
የዮሐን ሴባስትያን ባኽ ሕይወት

በእግዚአብሔር ቤት የሚያገለግል ሰው ሁሉ ጀምሮ ያልፈጸመው ሥራ አለው። አንዱ መሠረቱን ጥሎ የተወውን ጸሎት ቤት፥ ሌላው ግማሹን ደርሶ ያቆየውን መዝሙር ያስባል። ዘመን ሲያልፍ፥ ጕልበትም ሲያንስ፥ ያ ድካም በከንቱ እንደ ቀረ ይመስለናል። ስለዚህ በሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዝሙር ታሪክ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራውን የዮሐን ሴባስትያን ባኽን ሕይወት፥ ይልቁንም ከብዙ ዓመት በኋላ የፈጸመውን አንድ ታላቅ ሥራ፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንተርክ ወደድን። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ባኽ በጀርመን አገር፥ በቱሪንጊያ ምድር፥ አይዘናኽ በምትባል ከተማ በ1685 ዓ.ም. ተወለደ። ማርቲን ሉተር በወጣትነቱ የተማረው በዚህች ከተማ ሲሆን፥ ሐዲስ ኪዳንን የተረጐመውም በአጠገቧ ባለው በቫርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ነበር። የባኽ ወገን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የዜማ ባለሙያ ነበረ። ሕፃኑ ግን ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ሞቱበትና ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ወንድሙ የከለከለውን የዜማ መጽሐፍ በሌሊት በስውር እያወጣ፥ መብራት ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን ስድስት ወር ሙሉ እንደ ገለበጠ ይተረካል። ወንድሙም ባወቀ ጊዜ ቅጂውን ወሰደበት።

ከዚህ በኋላ በአርንሽታትና በሙልሃውዘን ኦርጋን መቺ ሆነ፤ ከ1708 ዓ.ም. ጀምሮም በቫይማር መስፍን ቤት አገለገለ። በ1717 ዓ.ም. ወደ ሌላ ጌታ ለመሄድ አጥብቆ ስለ ለመነ፥ መስፍኑ ተቈጥቶ አንድ ወር ያህል አሰረው። በ1720 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱን ጌታውን ተከትሎ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ሲመለስ፥ በጤና ትቷት የሄደው ሚስቱ ሞታ ተቀብራ አገኛት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሚስት አገባ። ከሁለቱም ሚስቶቹ 20 ልጆች ወለደ፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን 10 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ ሲዘምር ከወሬ የተማረውን አልዘመረም።

በ1723 ዓ.ም. በላይፕሲክ ከተማ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ሆኖ ተሾመ። ሥራው እኛ መሪጌታ እንደምንለው ሰው ሥራ ነበረ፤ ልጆችን ዜማ ያስተምራል፥ ለየእሑዱም መዝሙር ያዘጋጃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ አዲስ ዜማ ይደርስ ነበር፤ ከእነዚህም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬዎች 200 ያህል እስከ ዛሬ ይገኛሉ። በ1724 ዓ.ም. ለልደት በዓል ቅዱስ፥ ቅዱስ፥ ቅዱስ የሚለውን የመላእክትን ምስጋና በታላቅ ዜማ ደረሰ።

በ1733 ዓ.ም. የሳክሶንያ መስፍን በሞተ ጊዜ፥ ለኀዘኑ ሲባል በአብያተ ክርስቲያናት የሚደረገው ታላቅ ዝማሬ ለጥቂት ወራት ቆመ። ባኽም ጊዜ አግኝቶ ኪርያላይሶንን እና ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት የሚለውን የቅዳሴ ክፍል በላቲን ቋንቋ ደረሰ። ሉተራዊ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረጉ እንግዳ ነገር አይምሰለን፤ በላይፕሲክ ሉተራውያን ዘንድ እነዚህ ጸሎቶች በበዓል ቀን በላቲን ይዘመሩ ነበር። ሆኖም ምክንያቱ መንፈሳዊ ብቻ አልነበረም። ከከተማው ሹማምንት ጋር ክርክር ስለ ነበረው፥ ዜማውን ለአዲሱ መስፍን ወደ ድሬስደን አቅርቦ የቤተ መንግሥት ማዕርግ ለመነ። ማዕርጉም በ1736 ዓ.ም. ተሰጠው። ቅዳሴው ግን ጸሎተ ሃይማኖትም የእግዚአብሔር በግም የሌለበት፥ ግማሽ ሆኖ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆየ።

ባኽ ከ60 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1748 እና በ1749 ዓ.ም. ገደማ፥ ያንን ግማሽ ሥራ እንደ ገና አነሣ። በዚያን ጊዜ ዓይኑ ደክሞ ነበር። በሰኔ 1749 ዓ.ም. የከተማው ሹማምንት እርሱ ገና በሕይወት ሳለ፥ በሞተ ጊዜ የሚተካውን ሰው መርጠው ችሎታውን በጉባኤ ፊት ሰሙ። እርሱ ግን መጻፉን ቀጠለ። በመጽሐፉ መጨረሻ ክፍሎች ላይ እጁ እየከበደ መሄዱ ከፊደሉ ይታያል።

ሁሉን አዲስ አድርጎ አልጻፈም፤ የቀድሞ ሥራዎቹን መርምሮ የተሻሉትን መረጠ። የ1724 ዓ.ም. የመላእክትን ምስጋና በቦታው አኖረው። ስለ ጌታ መሰቀል ለሚናገረው ቃል፥ በ1714 ዓ.ም. በቫይማር ስለ ክርስቲያኖች ልቅሶ የደረሰውን ዜማ ወሰደ። በዚህ ዜማ ዝቅተኛው ድምፅ የሚወርደውን አንዱን የኀዘን ዜማ 13 ጊዜ ይደጋግመዋል። በመጨረሻውም ቀድሞ ያልነበረ ጥቂት ነገር ጨመረ፤ ቫዮሊኑና ዋሽንቱ ዝም ይላሉ፥ መዘምራኑም ድምፃቸውን እያሳነሱ ወደ መቃብር እንደሚወርዱ ሆነው ያበቃሉ። ወዲያውም መለከቱ ተነፍቶ የትንሣኤው ዝማሬ ይጀምራል። ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ የሚናገረውን ክፍል ግን አዲስ ደርሶ በተለየ ወረቀት ጽፎ አገባው፤ ይህም ከመጨረሻ ድርሰቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ሰላምን በሚለምነው መደምደሚያ ደግሞ በፊተኛው ክፍል ለምስጋና ያዋለውን ዜማ መለሰው፤ በዚህም ልመናና ምስጋና በአንድ ዜማ ተባበሩ። በፍጻሜውም ላይ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ እንዲሆን የሚያመለክቱ የላቲን ፊደላትን አኖረ።

በ1750 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ዓይኑን ሁለት ጊዜ ቢቀደው ፈጽሞ ታወረ፤ በሐምሌም ወር በ65 ዓመቱ ዐረፈ። ቅዳሴው በሕይወቱ ሳለ በሙሉ እንደ ተዘመረ የሚያስረዳ ነገር አልተገኘም። መቃብሩም ምልክት አልተደረገበትም፤ ሚስቱ በ1760 ዓ.ም. በምጽዋት እየተረዳች ሞተች።

መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ልጁ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል ጠብቆ አቆየው፤ በ1786 ዓ.ም. በሃምቡርግ ከተማ፥ ለድኆች ሕክምና ገንዘብ በተሰበሰበበት ጉባኤ፥ ጸሎተ ሃይማኖቱን አሰማ። ፊተኛው ክፍል በ1833፥ ኋለኛው በ1845 ዓ.ም. ታተመ። በ1859 ዓ.ም. ሹማምንቱ ገና በሕይወቱ ሳለ ተተኪ በፈለጉበት በዚያው በላይፕሲክ ሙሉው ቅዳሴ ተዘመረ። በእጁ የጻፈው መጽሐፍ ዛሬ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህን ታሪክ የጻፍነው ባኽን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የሥራው ፊተኛ ክፍል ለምድራዊ ጌታ ቀረበ፥ ማዕርግም አስገኘ። ኋለኛው ክፍል ግን ለማንም ሹም አልተበረከተም፤ ደራሲውም ዋጋውን በምድር አላየም። ይሁን እንጂ ፊተኛውን ከመረሳት ያዳነው ኋለኛው ነው። እንግዲህ በመካከላችን በጕልምስና የጀመረውን መልካም ሥራ በሳጥን የቈለፈ ሽማግሌ ቢኖር፥ ተተኪውም ሲፈለግ የሚሰማ ቢሆን፥ ጊዜው አልፏል አይበል። የቀረውን ብርሃን ይዞ ይፈጽመው፤ ቢዘመርለትም ባይዘመርለትም፥ የተሠራለት ጌታ ሰምቶታልና።