ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ፦ የብርድ ሊቅ

በዚህ እትም ሕይወቱን የምናቀርብላችሁ ሰው ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኦነስ በ1853 በግሮኒንገን ከተማ ተወለደ። በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከነቡንሰንና ከነኪርሆፍ ዘንድ ተምሮ፣ በ1882 ገና በ29 ዓመቱ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ዓላማው ጋዞችን እያቀዘቀዘ ወደ ፈሳሽ መለወጥ ነበር።

ታዲያ መንገዱ ቀና አልሆነለትም። በ1807 ባሩድ የጫነ መርከብ ፈንድቶ የላይደንን አንድ ሰፈር አውድሞ ነበር፤ ላቦራቶሪውም የተሠራው በዚያው ቦታ ላይ ነው። በ1895 የከተማው ሹሞች እዚያ የታመቀ ጋዝ መኖሩን ሲሰሙ ደነገጡ። ሥራው እስከ 1898 ድረስ ተስተጓጎለ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ጄምስ ዲዋር ሃይድሮጅንን ቀድሞ ፈሳሽ አደረገው። እኛ ብንሆን ኖሮ ተስፋ በቆረጥን ነበር። እሱ ግን አልቆረጠም።

እኛን የነገ መምህራንን በተለይ የሚመለከተን ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ1901 ለመሣሪያ ሠሪዎችና ለብርጭቆ ነፊዎች ትምህርት ቤት አቋቋመ። ወጣቶቹ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሰው እየሠሩ ተማሩ። ለላቦራቶሪውም መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

ጁላይ 10 ቀን 1908 ከማለዳ እስከ ማታ ሲለፉ ዋሉ። ፈሳሹ መጠራቀሙን ግን ማንም አላየም። ሽራይነማከርስ የተባለ የኬሚስትሪ ባልደረባው ዕቃውን ከታች በመብራት እንዲያዩት መከራቸው። ቢያዩ፣ 60 ሲሲ ያህል ፈሳሽ ሄሊየም ተገኘ! ሙቀቱ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ነበር።

በ1911 ደግሞ ባዜቃን በዚህ ብርድ ሲፈትሹ፣ ለኤሌክትሪክ ጉዞ ያለው እንቅፋት ድንገት ጠፋ። ሱፐርኮንዳክተር የምንለው ነገር የታወቀው ያኔ ነው። ኦነስም በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ልኬታውን በእጁ የሠራው ረዳቱ ሆልስት ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፉ ላይ በደራሲነት የወጣው የኦነስ ስም ብቻ ነበር።

ኦነስ በሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ኃይለኛ ማግኔት ለመሥራት አልሞ ነበር። ነገር ግን ሽቦው በማግኔት ኃይል ውስጥ ሲገባ ጠባዩን እያጣ አስቸገረው። ሕልሙ ሳይሳካ በ1926 ላይደን ውስጥ ሞተ።

ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ ቤድኖርዝና ሙለር ሱፐርኮንዳክተር የሚሆን ኦክሳይድ አገኙ። በ1987 ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን ብርድ ብቻ የሚሠራ ዓይነት ተገኘ። ኦክሳይድ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ እንዴት ሽቦ ይሆናል? አንዱ ዘዴ እንዲህ ነው። የብረታ ብረቶቹን ውሕዶች ወደ ትነት ለውጦ፣ ከኦክሲጅን ጋር እንደ ምጣድ በጋለ የብረት ጥብጣብ ላይ ማሳለፍ ነው። ትነቱ እዚያው ላይ ተዋሕዶ፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል የሆነ ስስ ንብርብር ይሠራል። ኦነስ ያለመው ዓይነት ኃይለኛ ማግኔት ዛሬ ከእንዲህ ዓይነት ጥብጣብ ይሠራል።

እንግዲህ ከኦነስ ሁለት ነገር እንማራለን፦ በትዕግሥት መለካትን፣ የሚሠራ እጅንም ማስተማርን። ሦስተኛውን፣ አብሮን የለፋውን ሰው በስሙ መጥራትን፣ ከስሕተቱ እንማር።