ፊል ኦክስ፦ ከኮሎምበስ የተነሣው አዝማሪ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔታችን ላይ ከጎንደር የወጡ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለምደናል። ዘንድሮ ግን አዘጋጆቹን አስፈቅጄ እኔ ከምኖርባት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የተነሣ የአንድ ፈረንጅ ዘፋኝን ሕይወት ላካፍላችሁ ወደድሁ። ስሙ ፊል ኦክስ ይባላል። ካረፈ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

የእኛ ሰው ሳያልቅ ስለ ባዕድ መጻፍ ምን አመጣው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ምክንያቶቼ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰውየው የሠራው ሥራ የእኛ አዝማሪዎች ሲሠሩት የኖሩትን ነው፤ የሰማውን ወሬ በዜማ አድርጎ ለሕዝብ ይነግር ነበር። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያን ረግጧል። ሦስተኛ፣ አሟሟቱም ሆነ ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ያደረገለት ነገር ለማኅበራችን የሚጠቅም ቁም ነገር አለው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ፊል ታኅሣሥ 19 ቀን 1940 በቴክሳስ ግዛት፣ በኤል ፓሶ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ የስኮትላንድ ተወላጅ ነበሩ። ታላቅ እኅቱ ሶኒ፣ ታናሽ ወንድሙ ማይክል ይባላሉ። አባትየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሐኪምነት አውሮፓ ዘምተው፣ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ አእምሯቸው ተጎድቶ መጡ። አንድ ሰሞን ጉልበታቸው ከልክ ያልፋል፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ከሰው ርቀው ዝም ይላሉ። በዛሬው ሕክምና ባይፖላር የሚባለው ሕመም ነው። በዚህ የተነሣ ሥራቸው አልረጋ ብሎ ቤተሰቡ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር ኖረ። ከኒው ዮርክ አካባቢ ተነሥተው በመጨረሻ ኮሎምበስ ገቡ።

ልጁ በኮሎምበስ በክላርኔት ችሎታው ታወቀ። ዕድሜው 16 ሳይሞላ በካፒታል ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ለብቻው የሚጫወት ዋና ክላርኔት ነፊ ሆነ። በዚያን ጊዜ የሚያስተምሩት የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ነው። እሱ ግን ከትምህርት ቤት ውጭ ጆሮው ሬዲዮ ላይ ነበር፤ የኤልቪስ ፕሪስሊንና የገጠር ዘፋኞችን ዘፈን ሲያዳምጥ ይውላል። ሲኒማ ቤትም ይወድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በቨርጂኒያ በሚገኝ ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረና ኮሎምበስ ተመልሶ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ጊታር በውርርድ

ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። ማያሚ ውስጥ መናፈሻ ወንበር ላይ ሲያድር ተይዞ ሁለት ሳምንት ታሰረ። ጸሐፊ ለመሆን የቆረጠው እዚያ እስር ቤት ውስጥ ነው ይባላል። ተመልሶም የጋዜጠኝነት ትምህርት ጀመረ።

ሕይወቱን የለወጠው ግን መምህር ሳይሆን የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። ጂም ግሎቨር የሚባል ተማሪ ጊታር መምታት አስተማረው፤ ፒት ሲገርንና ዉዲ ጋትሪን የመሳሰሉ የሠራተኛውንና የገበሬውን ኑሮ የሚዘፍኑ ሰዎችን ሥራ አሰማው። በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሁለቱ ጓደኛሞች ተወራረዱ። ፊል ኬኔዲ ያሸንፋል አለ፤ ጂም ጊታሩን አስያዘ። ኬኔዲ አሸነፈ፤ ፊልም የመጀመሪያውን ጊታር አገኘ። ያን ጊታር ይዞ ክላርኔቱን ተወው።

ሁለቱ አብረው ለመጫወት ተቧደኑ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ሥራቸውን ሳያቀርቡ ተለያዩ። ፊል ብቻውን በክሊቭላንድ አካባቢ በአንድ መጠጥ ቤት ጓዳ መዝፈን ጀመረ። ማይክሮፎኑ አንድ፣ ተመልካቹም ጥቂት የሆነበት ጠባብ ቤት ነው። የጎንደርን አዝማሪ ቤት ለምታውቁ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ዘፋኙና ሰሚው ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ያልጣመ ነገር ከተዘፈነ ወዲያው ይታወቃል። በዚያው በ1961 ክረምት ለታወቁ ሙዚቀኞች መክፈቻ እየዘፈነ ሙያውን ተማረ።

በዩኒቨርሲቲው ጋዜጣ ላይም ይጽፍ ነበር። ጽሑፎቹ ግን ለአለቆቹ የሚመቹ አልነበሩም። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ እሆናለሁ ብሎ ሲጠብቅ ሳይሾም ቀረ። ለመመረቅ ጥቂት ወራት ብቻ ሲቀሩት ትምህርቱን ጥሎ በ1962 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ።

ዜናን በዜማ

ኒው ዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ በዚያ ዘመን ጊታር ይዞ የሚዘፍን ወጣት ሞልቶ ነበር። ቦብ ዲላንም ከእነሱ አንዱ ነው። ፊልን ልዩ ያደረገው የጋዜጠኝነት ትምህርቱ ነው። ጋዜጣና መጽሔት እያነበበ የዕለቱን ወሬ ወደ ዘፈን ይለውጥ ነበር። ራሱንም የሚቆጥረው እንደ ዘማሪ ጋዜጠኛ ነው። በ1964 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ስምም የኒው ዮርክ ታይምስን የታወቀ መፈክር ወደ ዘፈን አዙሮ የተሰጠ ነው።

ከወሬ ብቻም አልቀረም። የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበረው ሜድጋር ኤቨርስ በ1963 ሚሲሲፒ ውስጥ ሲገደል ስለ እሱ ዘፈነ፤ በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ አቀረበው። በኬንታኪ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ እነሱ ዘንድ ሄዶ ዘፈነላቸው። ጥቁሮች የምርጫ ድምፅ መብታቸውን ለማስከበር በሚታገሉበት በ1964 ክረምትም ወደ ሚሲሲፒ ወረደ። የቬትናምን ጦርነት የተቃወመበት ዘፈኑ በሰላማዊ ሰልፎች ላይ ሕዝቡ በቃሉ የሚለው ሆነ። ጆን ቤዝ ከዘፈኖቹ አንዱን ተጫውታው በእንግሊዝ አገር ታዋቂ አድርጋዋለች።

በጥር 1966 በኒው ዮርክ በታወቀው የሙዚቃ አዳራሽ፣ በካርኔጊ ሆል፣ ብቻውን ጊታሩን ይዞ ቆመ። ኮሎምበስን በለቀቀ በአራት ዓመቱ መሆኑ ነው።

ከዚህ ላይ የእኛን ነገር ላንሣ። በድሮ ጊዜ ነገሥታቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ እረኛው ምን እንደዘፈነ ያስጠይቁ እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜም፣ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ፣ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያስያዘ አስገድሏል፤ ወሬና ተስፋ ከአገር አገር የሚያደርሱት እነሱ ስለሆኑ ነው። አሜሪካ ዘፋኙን አልገደለችውም። ግን የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. ለዓመታት ሲከታተለው ኖሮ ወደ 500 ገጽ የሚጠጋ መዝገብ ከፍቶበት እንደነበር ከሞተ በኋላ ተገለጸ። ከግጥምና ከዜማ በቀር መሣሪያ ያልነበረው ሰው ነው።

ቺካጎና ከዚያ ወዲያ

ነሐሴ 1968 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በቺካጎ ሲካሄድ ጦርነቱን የሚቃወሙ ወጣቶች አደባባይ ወጡ። ፊልም እዚያ ነበር። ፖሊስ ወጣቶቹን በዱላ ሲደበድብ በዓይኑ አየ። በዚያ ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ተገድለዋል። ልቡ ተሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ያወጣው አልበም ሽፋን ላይ የመቃብር ድንጋይ ይታያል፤ የተጻፈበት የራሱ ስም ነው፣ የሞተበት ቦታና ዓመትም ቺካጎ፣ 1968 ይላል።

በ1970 ወርቃማ ልብስ ለብሶ እንደ ኤልቪስ ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ሲወጣ ከተመልካቹ ብዙው አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ አዲስ ዘፈን መጻፍ እያቃተው፣ መጠጥ እያበዛ ሄደ። ጉዞ ጀመረ። በ1971 ቺሌ ሄዶ ቪክቶር ሃራ ከሚባለው የሕዝብ ዘፋኝ ጋር ተዋወቀ፤ አብረውም ዘፈኑ።

በ1973 ወደ አፍሪካ መጣ። ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ደቡብ አፍሪካን ጎበኘ። ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ነው፤ የወሎ ረሃብ ለዓለም የታየበትና ንጉሣዊው ሥርዓት ሊወድቅ የተቃረበበት ጊዜ። ኬንያ ውስጥ ከአገሬው ሙዚቀኞች ጋር በስዋሂሊና በሊንጋላ ሁለት ዘፈኖች አስቀረጸ። በዘመኑ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ይህን ማድረጉ ያልተለመደ ነው።

ዳሬሰላም ላይ ግን አደጋ ደረሰበት። ሌሊት ዘራፊዎች አንገቱን አንቀው ጣሉት። ሕይወቱ ተረፈ፤ የድምፅ አውታሩ ግን ተጎዳና ከድምፁ ላይኛዎቹ ሦስት ኖታዎች ጠፉ። ድምፁ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ። በዚያው ዓመት መስከረም ቺሌ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ ወዳጁ ቪክቶር ሃራ ተገደለ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ሠርቷል። በግንቦት 1974 ለቺሌ ስደተኞችና ለሰለባዎቹ መታሰቢያ በኒው ዮርክ የሙዚቃ ዝግጅት አሰናዳ፤ ቦብ ዲላንም መጥቶ ዘፈነ። የቬትናም ጦርነት ባበቃ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ግንቦት 11 ቀን 1975፣ በሴንትራል ፓርክ በጠራው የደስታ ዝግጅት ላይ ወደ 100,000 ሰው ተገኘ።

መጨረሻው

የአባቱ ሕመም በልጁም ላይ ወጣ። በ1975 ዓመቱ አጋማሽ ላይ ስሙን ለውጦ ሌላ ሰው ነኝ ማለት ጀመረ። ወዳጆቹን ይጣላል፣ ይጠጣል፣ መንገድ ላይ ያድራል። ጓደኞቹ ሊያሳክሙት ሞከሩ፤ እሱ ግን እንቢ አለ። በ1976 መጀመሪያ እኅቱ ሶኒ ቤት ገባ። እኅቱ ከልጆቿ ጋር ተቀብላ አኖረችው፤ ሐኪምም ያየው ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1976 በ35 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልናገር። እንዲህ ያለው ሕመም በእኛም ቤት አለ። ስሙን ስለማንጠራው የሌለ ይመስለናል። በዚሁ በኮሎምበስ ክራር ይጫወትልን የነበረ አንድ ወንድማችን ከሰው ተለይቶ በሩን የዘጋበት ጊዜ ነበር። ወንድሞቹ ተራ ገብተው አብረውት አደሩ። ጠበልም ወሰዱት፣ ሆስፒታልም ወሰዱት፤ አንዱን ከሌላው አላጣሉም። ዛሬ ደህና ነው፤ በባለፈው ፋሲካ ተጫውቶልናል። የፊል ቤተሰብም የቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ሕመሙ ግን በረታ። ማድረግ የምንችለው ቶሎ ማየትና ቶሎ መጠየቅ ነው። የቀረ ሰው ሲኖር ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብሎ ከማለፍ በሩን ማንኳኳት ይሻላል።

እኅቱ ያደረገችው

ፊል ኦክስ በሕይወት እያለ ስምንት አልበሞች አወጣ። ዘፈኖቹ ግን የዕለት ወሬ ስለነበሩ ከወሬው ጋር ይረሳሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። አልተረሱም። ለዚህም ትልቁን ድርሻ የያዘችው እኅቱ ሶኒ ናት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፊል ኦክስ የዘፈን ምሽት የሚባል ዝግጅት በየከተማው ማዘጋጀት ጀመረች። አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ አዳራሽ ይገኛል፤ ጊታርና መሰል መሣሪያ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ይጠራሉ፤ እያንዳንዳቸው ከፊል ዘፈኖችና በእሱ መንፈስ ከተሠሩ ከራሳቸው ዘፈኖች ያቀርባሉ። ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዘፈኑ ከሰው አፍ ወደ ሰው አፍ እየተላለፈ፣ እሱ ሲሞት ያልተወለዱ ልጆች እንኳ የሚዘፍኑት ሆነ። በኋላም በ2010 ዶኩመንታሪ ፊልም ተሠራለት።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

ማኅበራችን ውኃ አስገብቷል፣ ለትምህርት ቤት ወንበርና መጽሐፍ ልኳል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ማሲንቆን ከአባታቸው የተማሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሁንም አሉ። ብዙዎቹ ዘፈናቸው በቴፕ እንኳ አልተቀረጸም። እነሱ ሲያልፉ የዘመኑ ወሬ፣ ቅኔውና ዜማው አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለበዓል አገር ቤት የሚሄድ አባል በስልኩ አንድ አዝማሪ ይቅረጽ፤ ስማቸውን፣ መንደራቸውንና ማን እንዳስተማራቸው አስፈቅዶ ይመዝግብ፤ ለጊዜያቸውም ተገቢውን ይክፈል። ሁለተኛ፣ ቅጂዎቹ በማኅበራችን እጅ በአንድ ቦታ ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ምሽት በየምንኖርበት ከተማ ትንሽ አዳራሽ ይዘን፣ ክራርና ማሲንቆ የሚችሉ ልጆቻችን ካለፉት አዝማሪዎች የአንዱን ዘፈን ይጫወቱ፤ መግቢያው ለአገር ቤት አዝማሪዎች መድኃኒትና ቀለብ ይዋል። ለኮሎምበሱ ምሽት አዳራሽ መፈለጉንና ወንበር መደርደሩን እኔ እወስዳለሁ።

አንዲት እኅት ያለ ማኅበርና ያለ ባጀት ወንድሟን ከመረሳት አድናለች። እኛ ደግሞ ማኅበር አለን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ይህ ሐሳብ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ቸር ይግጠመን።