አባ ማስያስ፦ በነገሥታት መካከል የቆሙ መልእክተኛ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ሀገራችን ከላከቻቸው ሰዎች መካከል፥ በቤተ መንግሥትም በገበሬ ጎጆም ስማቸው የታወቀው ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው። ሕዝቡ አባ ማስያስ ይላቸው ነበር። የሹመት ስማቸው አምባሳደር አልነበረም፤ የሠሩት ሥራ ግን ከአምባሳደር ሥራ ብዙም አይለይም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ማሳያ በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ በፒየሞንቴ ግዛት ተወለዱ፤ በ1826 የካፑቺን ማኅበር ገቡ። ከቅስና በኋላ በቶሪኖ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የነፍስ አባት ሆነው ሲያገለግሉ ያገኙት የሕክምና ዕውቀት፥ ኋላ ከማናቸውም የሹመት ደብዳቤ ይልቅ በር ከፋች ሆነላቸው። በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴነት ሲያቋቁሙ፥ እሳቸውን ጳጳስ አድርገው ላኩ።

ሹመቱ በሮም በአንድ ቀን ቢፈጸምም፥ ሀገረ ስብከታቸውን ለመርገጥ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። በምጽዋ በኩል ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ስላልሆነላቸው፥ በ1850 ፓሪስና ለንደን ሄደው ድጋፍ ጠየቁ። ከዚያም በነጋዴ ስምና ልብስ በግብፅና በሱዳን ዞረው፥ በ1852 ዓባይን ተሻግረው ጉዱሩ ገቡ። ቆይተውም እስከ ከፋ ዘለቁ። በየደረሱበት የፈንጣጣ ክትባት ስለሰጡ የፈንጣጣ አባት ተባሉ። በ1861 ከከፋ ተባረሩ፤ ወደ አውሮፓ ተመልሰውም በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ።

በ1868 ወደ ሸዋ በመጡ ጊዜ ንጉሥ ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር፥ በፊንፊኔ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ ለሚሲዮናቸው መሬት ሰጧቸው። አውሮፓን ለማወቅ ለሚሻው ንጉሥ አማካሪ፥ ከአውሮፓ ለሚመጣው እንግዳ ደግሞ አገናኝ ሆኑ። በ1872 ምኒልክ አባ ሚካኤልን ወደ ኢጣሊያ ላኩ። በ1876 በማርኬዝ አንቲኖሪ የሚመራው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ሲመጣ፥ አባ ማስያስ ከንጉሡ ጋር አገናኙት፤ በአንኮበር አቅራቢያም ልጥ ማረፊያ ተሰጠው።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን በአንድ ንጉሥ ሞገስ ላይ ነበር። በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ፥ የውጭ ሚሲዮናውያን ከሸዋ መውጣታቸው የግድ ሆነ። በ1879 ዐፄ ዮሐንስ ጳጳሱን ወደ ደብረ ታቦር አስጠርተው፥ በሱዳን በኩል ከሀገር እንዲወጡ አደረጉ። ወዳጃቸው ምኒልክም ሊያስቀሯቸው አልቻሉም።

ሮም በ1881 የስታውሮፖሊስ ሊቀ ጳጳስ አለቻቸው፤ በ1884 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ የካርዲናልነት ማዕረግ ሰጧቸው። የ35 ዓመት ትዝታቸውን በ12 ቅጽ ጽፈው፥ ኅትመቱ ሳያልቅ ነሐሴ 6 ቀን 1889 አረፉ።

ከሦስት ወር በፊት የውጫሌ ውል ተፈርሞ ነበር። የአማርኛውና የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ በ17ኛው አንቀጽ ተለያይቶ፥ በ1896 ሁለቱን መንግሥታት ዓድዋ ላይ አጋጠመ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት ሽማግሌ ይህን አላዩም። የባዕድ ሰው በሙያው የሚያተርፈው ፍቅር ለብዙ ዘመን ይኖራል፤ በእርሱ አማካይነት የተከፈተው በር ግን ነገ ማንን እንደሚያስገባ እርሱ ራሱ ሊወስን አይችልም። በሙያችን ከባዕዳን ጋር የምንዋዋል ሁሉ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ይህንኑ ነው።