አጥንትን በስሚንቶ ያጸኑት ሐኪም

ብሎን በጠንካራ እንጨት ውስጥ ሲገባ አጥብቆ ይይዛል፤ በነቀዘ እንጨት ውስጥ ግን ይላላል፤ ይነቀላልም። በእርጅና የሳሳ የጀርባ አጥንትም እንዲሁ ነው። ይህን ችግር ማቃለያ የሆነው የአጥንት ስሚንቶ በኦፕራሲዮን ሥራ የተስፋፋው በእንግሊዛዊው ሐኪም በሰር ጆን ቻርንሊ ትጋት ነው።

ቻርንሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. ቤሪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። በማንቸስተር ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በጦር ሐኪምነት እስከ ግብፅ ድረስ ዘመቱ።

ከጦርነቱ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ በዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ሆነ። በዚያ ዘመን በበሽተኛው ዳሌ የሚገባው ሰው ሠራሽ አካል እየላላ ያሠቃይ ነበር። ቻርንሊ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበትን አክሪሊክ በ1958 ለዚሁ ሥራ አዋሉት። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ሲደባለቅ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ በደቂቃዎችም ውስጥ ግሎ ይጠነክራል። ስሚንቶው ሙጫ አለመሆኑን እሳቸው በሚገባ ተረድተው ነበር፤ ግንበኛ በድንጋዮች መካከል እንደሚሞላው ጭቃ ክፍተቱን ሞልቶ ሸክሙን ለአጥንቱ ያዳርሳል።

ይሁን እንጂ ስሚንቶው ቢጸናም ለመገጣጠሚያው ጽዋ የመረጡት ቴፍሎን በጥቂት ዓመታት ተፋቀ፤ ፍቅፋቂውም ሥጋን የሚያስቈጣ ሆነ። ወደ 300 በሚጠጉ ዳሌዎች ገብቶ ነበር። ቻርንሊ ስሕተታቸውን አልሸሸጉም፤ ቴፍሎኑን በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስገብተው ፈተኑት፤ ለበሽተኞቻቸውም እንደ ገና ኦፕራሲዮን አደረጉላቸው። በ1962 መጨረሻ ፖሊኤቲሊን በተባለ ፕላስቲክ ተክተውት ሥራው ተቃና።

በ1977 የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በ1982 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

የጀርባ ብሎን የእሳቸው ሥራ አልነበረም። ዛሬ ግን የጀርባ ሐኪሞች በሳሳው አንጓ ውስጥ፣ አንዳንዴም ውስጡ ክፍት በሆነው ብሎን በኩል፣ ያንኑ ዐይነት ስሚንቶ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ያስገባሉ፤ ብሎኑም ይጸናል። ስሚንቶው ወደ ነርቭ ከፈሰሰ ወይም በደም ሥር ወደ ሳንባ ከሄደ አደጋ ስላለው በራጅ እየተመለከቱ ይሠራሉ። ከቻርንሊ ሕይወት የሚገኘው ትምህርትም ይኸው ነው፤ አዲስ ነገርን መድፈር፣ ጕዳቱንም ሳይሸሽጉ መመርመር።