ዊሊስ ካሪየር

ዊሊስ ሃቪላንድ ካሪየር (ኅዳር 18 ቀን 1869 – መስከረም 27 ቀን 1943 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1876 – ኦክቶበር 7 ቀን 1950) አሜሪካዊ መሐንዲስና የዘመናዊው አየር ማቀዝቀዣ ፈልሳፊ ነበር። ዛሬ በአዋሽ ሰባት ሆቴሎችም ሆነ በሰመራ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው «ኤሲ» መነሻው የእሱ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ካሪየር የመጀመሪያውን መሣሪያ የነደፈው ሰውን ከሙቀት ለማሳረፍ ሳይሆን ወረቀትን ከእርጥበት ለመጠበቅ ነበር። የቤት ኤሲ አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን ለምን ቀስ ብሎ እንደሚያቀዘቅዝ የሚገባውም ከዚህ መነሻ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ካሪየር የተወለደው በኒው ዮርክ ግዛት በኤሪ ሐይቅ አቅራቢያ፣ አንጎላ በምትባል ትንሽ መንደር ነው (ከአፍሪካዊቷ አገር ጋር ስም ብቻ ነው የሚያገናኛት)። ያደገው በእርሻ ቤት ነበር። ተማሪ ሳለ የክፍልፋይ ሒሳብ አልገባ ብሎት ሲቸገር እናቱ ፖም አስመጥታ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየቆረጠች አስረዳችው። ካሪየር ችግርን ቆራርጦ ማየትን ከዚያ ቀን እንደተማረ በኋላ ይናገር ነበር። እናቱ የሞተችው እሱ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በነጻ የትምህርት ዕድል ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1901 በምህንድስና ተመረቀ፤ ወዲያውም በቡፋሎ ከተማ ማራገቢያና ማሞቂያ በሚሠራ ቡፋሎ ፎርጅ በተባለ ኩባንያ በሳምንት 10 ዶላር ተቀጠረ።

የብሩክሊኑ ማተሚያ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1902 በብሩክሊን የሚገኘው ሳኬት ዊልሄልምስ ማተሚያ ቤት አንድ ችግር ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ ባለ ቀለም ሥዕል የሚታተመው ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲመጥ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ትናንት ቢጫው የታተመበት ወረቀት ዛሬ ሰማያዊው ሲታተምበት መስመሩ አይገጥምም ነበር። የ25 ዓመቱ ካሪየር ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ላይ አየር እየነፋ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በቱቦዎቹ ላይ ወደ ውሃ ተለውጦ እንዲወርድ የሚያደርግ ሥርዓት ነደፈ። ንድፉ የተጠናቀቀው ጁላይ 17 ቀን 1902 (ሐምሌ 10 ቀን 1894 ዓ.ም.) ሲሆን ግቡ በማተሚያው ክፍል 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት መጠበቅ ነበር። አየሩ መቀዝቀዙ ተከትሎ የመጣ ጥቅም ነው።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ካሪየር በፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ባቡር ሲጠብቅ ሁለተኛው ሐሳብ መጣለት። ጭጋጉ እርጥበት የሞላው አየር ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ውሃ ጥቂት ነው። እንግዲያው አየርን በቀዝቃዛ የውሃ ርጭት ውስጥ በማሳለፍ ማድረቅ ይቻላል። በውሃ ማድረቅ የሚለው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ስህተት ይመስላል፤ የርጭቱ ቅዝቃዜ ከአየሩ የጤዛ ነጥብ በታች እስከሆነ ድረስ ግን የአየሩ ተን ወደ ጠብታዎቹ ይቀላቀላል። በዚህ መንገድ የውሃውን ሙቀት በመቆጣጠር ብቻ የአየሩን እርጥበት መወሰን ይቻላል። ለዚህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት አገኘ። በ1911 ደግሞ የአየርን ሙቀትና እርጥበት የሚያዛምዱ ቀመሮቹን ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ከማሽኖቹ ሁሉ ይልቅ ዋናው ሥራው ይህ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል፤ መሐንዲሶች ዛሬም የአየር ማቀዝቀዣን መጠን የሚያሰሉት በዚያው መሠረት ላይ ነው።

እርጥብ አየር ለምን ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል?

ኤሲ ሁለት ሥራ አለበት፤ አየሩን ማቀዝቀዝና በአየሩ ውስጥ ያለውን ተን ወደ ውሃ መመለስ። ቴርሞሜትር የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሁለተኛው ሙቀት «ድብቅ ሙቀት» ይባላል።

ለምሳሌ በውጭ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 20 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ውሃ 10 ግራም ገደማ ነው። ይህን አየር ወደ 25 ዲግሪ ለማውረድ 17 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ማውጣት ይበቃል። እርጥበቱ 40 በመቶ ከሆነ ግን ውሃው ወደ 20 ግራም ያድጋል፤ ክፍሉ እንዲመች 9 ግራም ያህሉን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ብቻ ሌላ 22 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል። ቴርሞሜትሩ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር እያለ የማሽኑ ሥራ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ በተለምዶ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው ኤሲ አንድ ሊትር ውሃ ከአየር ለማውጣት ብቻ ሙሉ ኃይሉን ለ11 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል። በውጭው ቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ የዚህ ሥራ ምልክት ነው።

ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዋሽና ከ400 ሜትር ጥቂት ከፍ ባለችው ሰመራ፣ አብዛኛው ዓመት ደረቅ ነው። አየሩ የሚለወጠው በክረምት፣ አፋሮች ካርማ በሚሉት የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ በወንዙና በመስኖ እርሻዎች አጠገብም እርጥበቱ ይጨምራል። በእነዚህ ቀናት ኤሲው «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ቴክኒሻን ከመጥራት በፊት ማጣሪያው አለመታፈኑንና በርና መስኮት መዘጋቱን ማየት ይገባል፤ በተከፈተ በር የሚገባው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ውሃም ነው። የታጠበ ልብስ ክፍል ውስጥ ማስጣት ወይም እዚያው ማብሰልም ሥራውን ያበዛል። ሪሞቱን ወደ 16 ማውረድ ተራውን ኤሲ አያፈጥነውም፤ ኮምፕረሰሩ ከዚያ በፊትም በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነበር። ውሃ በማትነን የሚያቀዘቅዘው ርካሽ ማሽን በደረቁ ወራት ጥሩ ሆኖ ሳለ በካርማ የሚሰንፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከኤሲ ጋር በአንድ ዝግ ክፍል ማብራት ደግሞ አንዱ የጨመረውን ውሃ ሌላው እንዲያወጣ ማድረግ ነው።

ኩባንያውና የሲኒማ ቤቱ ምሽት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ቡፋሎ ፎርጅ በማምረት ሥራው ብቻ ለመወሰን ወሰነ። ካሪየርና ስድስት ባልደረቦቹ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ቁጠባቸውን አዋጥተው እ.ኤ.አ. በ1915 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1922 ያስተዋወቀው አዲስ ማሽን መርዛማውን አሞኒያ በሌላ ፈሳሽ ስለተካና መጠኑም ስለቀነሰ ሰው የሚሰበሰብባቸውን አዳራሾች ማቀዝቀዝ ቻለ።

እ.ኤ.አ. በ1925 የኒው ዮርኩ ሪቮሊ ሲኒማ ሲከፈት ማሽኑ ዘግይቶ ተነሣ። በሮቹ ተከፍተው ሕዝቡ በሙቀት ቀን በአንዴ ገባ፤ ከሙቀቱ ሌላ የእያንዳንዱ ሰው ላብና ትንፋሽ ተጨመረ። ታዳሚው ሁሉ በእጅ ማራገቢያ ያራግብ ነበር፤ ካሪየርም ከኋላ ቆሞ ይጨነቅ ነበር። ቅዝቃዜው የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው፣ ቆይቶም ሁሉም ማራገቢያውን አስቀመጠ። በሚቀጥሉት ዓመታት በርካታ ሲኒማ ቤቶች የካሪየርን ማሽን አስገቡ።

የመጨረሻ ዓመታት

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1930 ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ካሪየር ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ1937 ወደ ሲራኪዩዝ ከተማ ተዛወረ። ካሪየር በኒው ዮርክ ከተማ በ73 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረው በቡፋሎ ነው። የቤት ውስጥ ኤሲ በአሜሪካ በብዛት የተስፋፋው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። በ1985 ስሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ሰፈረ።