ከትንሽ ኮሌጅ ወደ ድኅረ ምረቃ፦ የፊዚክስ ሊቁ የሮበርት ሚሊካን የሕይወት ጉዞ

በአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባሉት ተቋማት በአመዛኙ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡ፣ የተማሪያቸው ቁጥር አነስተኛ የሆነ፣ መምህርና ተማሪ በቅርብ የሚተዋወቁባቸው ናቸው። ከእነዚህ በፊዚክስ የተመረቀ ወጣት የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ በር ይከፈትለት ይሆን? የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። የሮበርት አንድሪውስ ሚሊካን ሕይወት ለጥያቄው ሁለት ገጽታ ያለው መልስ ይሰጣል።

ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1868 በኢሊኖይ ግዛት፣ ሞሪሰን በተባለች ከተማ ከፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው በአዮዋ ነው። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ሲማር ዝንባሌው ወደ ግሪክኛና ሒሳብ ነበር። ሁለተኛ ዓመቱን ሊያጠናቅቅ ሲል የግሪክኛ መምህሩ በመሰናዶው ክፍል ፊዚክስ እንዲያስተምር ጠየቁት። ትምህርቱን እንደማያውቀው ቢገልጽም፣ በግሪክኛ የበረታ ፊዚክስ አያቅተውም ብለው በሐሳባቸው ጸኑ። እሱም የዓመቱን ረጅም ዕረፍት በመማሪያ መጽሐፍ ላይ አሳልፎ ለማስተማር በቃ። የወደፊት ሙያው በዚህ አጋጣሚ ተወሰነ።

በ1891 ከተመረቀ በኋላ በዚያው ኮሌጅ እያስተማረ ሁለተኛ ዲግሪውን በ1893 ያዘ። መምህራኑ ሳያማክሩት የትምህርት ማስረጃውን ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በመላካቸው የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ። በዚያ በፊዚክስ ብቸኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። በ1895 የዶክትሬት ዲግሪውን እንዳገኘ ፕሮፌሰር ማይክል ፑፒን ገንዘብ አበድረው ወደ ጀርመን ላኩት፤ በበርሊንና በጎቲንገን ተማረ። በ1896 የአልበርት ማይክልሰን ረዳት ሆኖ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ከዓመታት በኋላ በሩን የመክፈቱ ተራ የእሱ ሆነ። ሃርቪ ፍሌቸር በዩታ ግዛት ከሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ከነበረው ብሪገም ያንግ ተመርቆ ቺካጎ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን በቂ አድርጎ አልተቀበለውም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን እንደገና እንዲማር ተጠየቀ። ሚሊካን ግን ለአንድ ዓመት በልዩ ተማሪነት ተመዝግቦ ችሎታውን እንዲያስመሰክር መከረው። ፍሌቸርም ተሳካለት፤ የኤሌክትሮንን ሙል በዘይት ጠብታ ለመለካት በተደረገው ሙከራም የሚሊካን ዋና ተባባሪ ሆነ።

ውጤቱ ለኅትመት ሲበቃ ግን ሚሊካን ሥራውን ለሁለት መክፈልን ሐሳብ አቀረበ፤ ዋናው የ1910 ጽሑፍ በእሱ ስም ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ለመመረቂያ እንዲያገለግል በፍሌቸር ስም ብቻ ወጣ። ፍሌቸር ተስማማ፤ በ1911ም በዶክትሬት ተመረቀ። ዝርዝሩን የያዘው የፍሌቸር ማስታወሻ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1982 ነው። ሚሊካን በኤሌክትሮን ሙልና በፎቶኤሌክትሪክ ክስተት ላይ ላደረገው ምርምር የ1923ን የኖቤል ሽልማት አግኝቶ፣ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋምን ለረጅም ዘመን መርቶ በ1953 አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ የትንሽ ኮሌጅ ምሩቅ የቤተ ሙከራና የኮርስ ጉድለቱን የሚያካክስለት፣ ችሎታውን በቅርብ የሚያውቅና ስለ እሱ የሚመሰክር መምህር ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ድኅረ ምረቃ መግባት የጉዞው መጨረሻ አይደለም፤ ከገባ በኋላ የድካሙ ፍሬ በስሙ መመዝገቡ የሚወሰነው በአብዛኛው በአማካሪው ፈቃድ ነው።